«እንዴት ሰነበቱ?» ሕክምና ሲሆን

ሜልበርን ውስጥ ለኬሞ ቀጠሮው የደረሰ ሰው መርፌው ከመግባቱ በፊት አንድ ወረቀት ወይም ታብሌት ሊሰጠው ይችላል። ያለፈው ሳምንት እንዴት አለፈ? እንቅልፍ ይወስዳል? እህል ይቀመሳል? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል? ሐሳብ ይበዛል? ገንዘብ ቸግሯል? ከ«ምንም» እስከ «እጅግ በጣም» ባሉት መልሶች ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ብዙው ሰው እንደማንኛውም የሆስፒታል ቅጽ ይቆጥረውና ፈጠን ብሎ ሞልቶ ይመልሰዋል። የእኛ ሰው ደግሞ «ተመስገን» ይልና ሁሉንም «ምንም» ላይ ያሰልፈዋል።

ይህን ቅጽ እንዲህ አቃልሎ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

ለረጅም ዘመን የካንሰር ሐኪም ሁለት ነገር ይለካ ነበር፦ እጢው ስንት ሚሊሜትር ቀነሰ፣ ሕመምተኛው ስንት ወር ኖረ። በእነዚያ ወራት ሰውየው ሽንት ቤት በራሱ ይሂድ አይሂድ፣ ልጁን ይቀፍ አይቀፍ፣ ሌሊቱን ኮርኒስ ሲያይ ይደር አይደር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባለ 30 ጥያቄውን መጠይቅ ይፋ ካደረገ ወዲህ ግን ይህ እየተለወጠ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም የኑሮ ጥራትን ሲበይን፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና እሴት ውስጥ ሆኖ ስለ ራሱ ኑሮ ያለው ግምት ነው ብሎታል። በዚህ ብያኔ መሠረት መላሹ ሕመምተኛው ራሱ ነው። ሐኪሙም፣ ልጁም፣ ባለቤቱም ሊመልሱለት አይችሉም።

መጀመሪያ ላይ መጠይቁ ለተመራማሪዎች ብቻ የሚያገለግል ይመስል ነበር። ትልቁ ዜና የመጣው በ2017 ነው። በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ካንሰራቸው የተሠራጨባቸው 766 ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደወትሮው ታከመ። ሁለተኛው ወገን ማቅለሽለሹን፣ ሕመሙን፣ የትንፋሽ ማጠሩን በኮምፒውተር እየሞላ እንዲልክ ተደረገ፤ የባሰ ነገር ሲኖር መልእክቱ በቀጥታ ለነርሷ ይደርሳል። የተለየ መድኃኒት አልተሰጣቸውም። ልዩነቱ ነርሷ ቀደም ብላ ማወቋና ስልክ አንስታ መደወሏ ነበር። እንደወትሮው የታከሙት በመካከለኛ ግምት 26 ወር ሲኖሩ፣ የተጠየቁት 31 ወር ኖሩ። ድንገተኛ ክፍል የገቡት አነሱ፤ ኬሞውንም ረዘም ላለ ጊዜ ቻሉት። አምስት ወር ብዙ ውድ መድኃኒቶች የማይጨምሩት ዕድሜ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2010 በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል ሐኪሞች 151 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞችን ተከታትለው ነበር። ገና ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና የተጨመረላቸው ኑሯቸው የተሻለ፣ ሐዘናቸው የቀለለ ሆኖ ተገኘ። ያልተጠበቀው ነገር ዕድሜያቸውም መርዘሙ ነው፦ 11.6 ወር፣ ከሌሎቹ 8.9 ወር ጋር ሲነጻጸር። እኛ ዘንድ ማስታገሻ ሲባል «ሐኪሞቹ ተስፋ ቆረጡ» ተብሎ ስለሚሰማ ይህ ቁጥር በየቤቱ ሊነገር የሚገባው ነው።

ወደ ሜልበርን ስንመለስ፣ ካርልተን የምትባለው ሰፈር ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። የቪክቶሪያ ካንሰር ካውንስል ለረጅም ዓመታት ቢሮው ራዝዳውን ጎዳና ቁጥር 1፣ ከካርልተን መናፈሻ ፊት ለፊት ነበር፤ በኋላ ከዚያ ለቆ ሄዷል። «ልበስ፣ ተቀባ፣ ኮፍያ አድርግ» የሚለውን የፀሐይ ዘመቻ በ1981 የጀመረውም ይኸው ካውንስል ነው። ፒተር ማካለም፣ ማለትም በሰዎቻችን አፍ «ፒተር ማክ»፣ ካንሰርን ብቻ የሚያክም የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ በ2016 ከኢስት ሜልበርን ተነሥቶ ወደ ግራተን ጎዳና መጥቷል። ከሮያል ሜልበርን ሆስፒታል ፊት ለፊት ማለት ነው። ከላይገን ጎዳና የኮሚሽን፣ ማለትም የመንግሥት የኪራይ ቤቶች፣ ፎቆች ወርዶ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በእነዚህ ፎቆች ውስጥ ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሶማሊያዊው፣ ሱዳናዊው አንድ ሊፍት ይጋራሉ። በዓለም ካሉት የተሟላ የካንሰር ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ ከመስኮታቸው ቅርብ ነው።

ታዲያ እዚያ የሚኖረው ሰው ኑሮውም በዚያው ልክ ተለክቷል? የሲድኒ ዩኒቨርሲቲዋ ፊሊስ ቡቶውና ባልደረቦቿ በ2013 ባወጡት ጥናት፣ አውስትራሊያ ውስጥ ካንሰር ያለባቸው ስደተኞች እዚሁ ከተወለዱት ይልቅ የኑሮ ጥራታቸው ዝቅ ያለ፣ ጭንቀታቸው ከፍ ያለ፣ ያልተሟላ ፍላጎታቸው የበዛ ሆኖ አግኝተውታል። ቋንቋና የጤና ሥርዓቱን አለመረዳት ከዚህ ጋር ተያይዘው ወጥተዋል። የተጠየቁት ግን ቻይንኛ፣ ዐረብኛና ግሪክኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ለጥናት ቁጥር ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ጥቂት ነን። የቪክቶሪያ የካንሰር መዝገብም ከ1982 ጀምሮ በክፍለ ግዛቱ የሚገኘውን ካንሰር በሕግ ይመዘግባል። ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሰው ሞተ የሚለው ከዚያ ይገኛል። በመካከሉ እንዴት ኖሩ የሚለው ግን በመዝገብ አይገኝም፤ ጠይቆ መስማት ይጠይቃል።

አለመቆጠራችን ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ ቤታችን ውስጥ ነው።

የሐኪም ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ተቀምጧል እንበል፦ እናት፣ እዚህ ያደገ ልጇና ሐኪሙ። ሐኪሙ ካንሰሩ ጉበት ላይ መድረሱን ይናገራል። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ «እማዬ፣ ጉበትሽ ላይ ትንሽ ቁስል አለ፣ በመድኃኒቱ ይጠፋል ነው የሚለው» ይላታል። እናት «ሌሊት ጎኔን እየወጋኝ አልተኛሁም፣ ንገረው» ትላለች። ልጁ ለሐኪሙ «ትንሽ ደክሟታል፣ ሌላ ምንም የለም» ብሎ ያስተረጉማል። ሐኪሙ ማስታወሻው ላይ ሕመም የለም ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ተሸንግለዋል፤ የሸነገላቸው ደግሞ እናቱን ከማንም በላይ የሚወድ ልጅ ነው። በኒውዮርኩ ጥናት ያ ሁሉ ውጤት የመጣው ሕመምተኛው የተሰማውን ስለተናገረ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያ በር ተዘግቷል።

እንዲህ የሚያደርገውን ቤተሰብ ለመውቀስ አልቸኩልም። አገር ቤት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከረፈደ በኋላ ነው፤ ሲነገር እንደ ፍርድ ነው የሚሰማው። የሚደረግ ነገር በሌለበት ቦታ ስሙን መደበቅ ቢያንስ ለሰውየው ጥቂት የሰላም ቀን ይሰጠው ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ዛሬ ካንሰር ከተገኘባቸው 100 ሰዎች ወደ 70 የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። አምስት ዓመት ሙሉ በሽታውን ሳያውቁ ኬሞ መውሰድ አይቻልም፤ ቢቻልም ሕመምተኛው ማወቁ አይቀርም፣ እንደማያውቅ ሆኖ ቤተሰቡን ሲያጽናና ይኖራል እንጂ። ከዚህ የከፋ ብቸኝነት አላውቅም።

የሆስፒታሎች መመሪያ ቤተሰብ እንዳያስተረጉም ነው የሚመክረው። በመንግሥት ሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመጣል። ቤት ሆኖ ለመጠየቅም 13 14 50 ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ካገኙ በኋላ ከካንሰር ካውንስል ነርሶች ጋር፣ 13 11 20 ላይ፣ መነጋገር ይቻላል። ሆኖም ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ምክንያቱ አለማወቅ ብቻ አይደለም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ናት፤ የሚመጣው አስተርጓሚ እሑድ ቅዳሴ ላይ አጠገብህ የሚቆም፣ ወይም ከሚስትህ ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጣ ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ አብዛኛውም ይጠብቃል። ፍርሃት ግን በግዴታ አይለቅም። ለዚህ ቀላል መውጫ አለ፦ አስተርጓሚው በስልክ እንዲሆን፣ ከሌላ ከተማ፣ ከፐርዝ ወይም ከብሪዝበን እንዲሆን፣ የሕመምተኛው ስም እንዳይነገረው መጠየቅ ይቻላል። ይህን ለሕመምተኛ የሚነግረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጾሙም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ተለይታ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ኬሞ የምትወስድ ሴት መጠይቁ ላይ «የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል?» ስትባል ምን ትመልስ? አልቀነሰም፤ ጾም ነው። ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን ኪሎዋ ወርዷል። የብዙ ኬሞ መድኃኒቶች መጠን የሚሰላው በክብደትና በቁመት ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፤ የምግብ ባለሙያዋ አይብና እንቁላል ጨምሪ ትላለች፤ ሕመምተኛዋ አንገቷን ነቅንቃ ወጥታ ሽሮዋን ትበላለች። በሁለቱ መካከል ውሸት የለም፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ እንጂ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሰናብታለች፤ የነፍስ አባት ሲፈቱ ብዙ ሰው እሺ ይላል፣ ሐኪም ሲያዝ ግን አይሰማም። በረመዳንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው መንገድ አበጅቶለታል፣ ሕመምተኛው ግን በልቡ ከጾመኛው መለየት አይፈልግም። ለእኔ ከማንኛውም የኦንኮሎጂ ስብሰባ ይልቅ ሜልበርን ውስጥ ለሕመምተኛው ኑሮ የሚበጀው አንድ ካህንና አንድ የምግብ ባለሙያ አብረው ቡና የሚጠጡበት ግማሽ ሰዓት ነው።

ቡናው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው የሚቆላ ቡናና የዕጣን ጭስ ሊያስመልሰው ይችላል። ጠያቂ ግን ይመጣል፣ መምጣትም አለበት፤ ዳቦ ይዞ፣ ልጆች አስከትሎ፣ ጉንፋንም ይዞ። የሕመምተኛው ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሳምንት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ይህንን የቤቱ ሰው ያውቃል፣ «ዛሬ አትምጡ» ለማለት ግን አፍ የለውም። ደግሞም የታመመን ሰው አልጋ ላይ ማዋል ፍቅር ይመስለናል፤ «አንቺ አትነሺ፣ እኛ አለን»። በ2025 የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት የአንጀት ካንሰር ታክመው የጨረሱ 889 ሰዎችን አከፋፍሎ፣ ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ እየተመሩ እንቅስቃሴ ካደረጉት ከ100 ወደ 90 የሚሆኑት ከስምንት ዓመት በኋላ በሕይወት እንዳሉ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 83 ያህሉ እንዳሉ አሳይቷል። አውስትራሊያውያን ሐኪሞችም ተሳትፈውበታል። ሐኪም ከፈቀደ የፕሪንስስ ፓርክ የጠጠር መንገድ ለካርልተን ሰው ቅርብ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የመጠይቁ ጥያቄ ስለ ሕመምተኛው ቤት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሜዲኬር ላለው ሰው የመንግሥት ሆስፒታል ሕክምና በነጻ ነው፤ አገር ቤት ያለው ወገን ይህን ሲሰማ «ታድላችሁ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ታክሲ የሚነዳ ወይም በሰዓት የሚቀጠር ሰው ግን የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ያልነዳበት ቀን ያልበላበት ቀን ነው። በዚያ ላይ ደብረ ማርቆስ ወይም ደሴ ያለች እናት በየወሩ የምትጠብቀው ብር አለ። ልጇ መታመሙን አታውቅም፣ እንዳታውቅም ተደርጓል። ብሩ ሲቋረጥ ስለምትጠረጥር ሕመምተኛው ተበድሮ ይልካል። ይህ ዕዳ በየትኛውም መጠይቅ ላይ ሰፍሮ አላየሁም፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ግን እሱ ነው።

ቤቱም ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። የቪክቶሪያ መንግሥት በመስከረም 2023 የሜልበርንን 44 የኮሚሽን ፎቆች እስከ 2051 አፍርሶ እንደገና ለመገንባት ማቀዱን አስታውቋል። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የካርልተን የኤልጂንና የኒኮልሰን ጎዳና ቀይ ጡብ ፎቆች ይገኙበታል፤ የፍሳሽ መስመራቸው ተበላሽቶ ቀድመው ባዶ ሆነው ነበር። ፎቆቹ ማርጀታቸው አይካድም፤ ሊፍት በቆመ ቀን አሥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ለሚያስታውክ ሰው ቅኔ የሚቀኝላቸው አይኖርም። ይሁን እንጂ በኬሞ መካከል ቤት መቀየር፣ ሾርባ የምታመጣ ጎረቤትን ማጣት፣ በእግር ይኬድበት የነበረ ሆስፒታል ላይ ለመድረስ ሁለት ባቡር መቀየር፣ ይህም የኑሮ ጥራት ነው። የቤት ጉዳይ የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ቅጽ ላይ «ሕክምና ላይ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ክብደት ሊኖረው ይገባል።

አሁን ዓይንን ወደ አዲስ አበባ መመለስ ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ከተሞች ችግር አንድ ዓይነት አይደለምና። ኢትዮጵያ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ አዲስ ሕመምተኛ እንዳለ፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰውም በካንሰር እንደሚሞት ዓለም አቀፍ ግምቶች ያሳያሉ። የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ነው ጅማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች መውጣት የጀመረው። ከጎጃም ወይም ከወሎ መጥቶ ተራ ለመጠበቅ ልደታ አካባቢ ክፍል የተከራየ ገበሬ ስለ ኑሮ ጥራቱ ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚነሳው የቤት ኪራዩ ነው። በጥቁር አንበሳ የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ላይ በተሠሩ ጥናቶችም የገንዘብ ችግር ከሕመሙ ምልክቶች ጋር ተሰልፎ ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት አንዱ ነው።

ሞርፊን ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የላንሴት የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዘገባ በዓመት ለዓለም ከተከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን መጠን ያለው ማስታገሻ ውስጥ ለድሀ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። በዚህ ድርቅ ውስጥ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 የመሠረቷት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቿን በየቤቱ እየላከች ሕመም ስታስታግስ ኖራለች። አቶ ወንዱ በቀለ በደም ካንሰር ባጡት ልጃቸው ስም ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ ሆኗል። እዚያ ነርሷ ሕመምተኛውን አግኝታ መድኃኒቱ ይቸግራታል። ካርልተን ውስጥ መድኃኒቱ ሞልቷል፤ ነርሷ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ ያለ ክፍያ። ሕመምተኛው «ሱስ ያስይዘኛል» ብሎ ሞርፊኑን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ልጁም «ተወው አባባ፣ እሱ የሚሰጠው ለሚሞት ሰው ነው» ብሎ ያግዘዋል። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም የሚወሰድ ሞርፊን ብዙ ጊዜ ሰውን ያስተኛል፣ ያስበላል፣ ያስነሳል። ይህንን ለአንድ ቤተሰብ በአማርኛ አስረድቶ ማሳመን ከአንድ ጉብኝት በላይ ይፈጃል።

አንድ ነገር ከአዲስ አበባ ወደ ሜልበርን ሊመጣ ይችላል፣ እሱም በእጅ ያለ ነው። ባለ 30 ጥያቄው መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሷል፤ የጡት ካንሰር ክፍሉም ኢትዮጵያ ውስጥ በኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ተሞክሯል። ግራተን ጎዳና ላይ ያለ የፒተር ማክ ክፍል ሌላ ሳይጨምር ያንን ቅጂ አትሞ፣ ሕመምተኛው ብቻውን ሳለ፣ አስተርጓሚው ፐርዝ ሆኖ በስልክ እየጠበቀ፣ ብዕሩን በራሱ በሕመምተኛው እጅ ማስያዝ ይችላል። የአማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኞች ቁጥር ጥቂት መሆኑ እዚህ ላይ የሚጠቅም ነው፦ የሁሉንም መልስ አንድ ነርስ አንብባ በሳምንቱ ልትደውልላቸው ትችላለች።